የማፊያ ጌሙ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ ከቱሉ ዲምቱ

ሰፈር ይዛችሁ፣ ጎረምሳ ሰብስባችሁ፣ የሌላውን ካዝና የምትዘርፉበት የስልክ ጌም ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ብዙ ልጅ ይጫወተዋል። ስሞታውም ያው ነው።

ጠዋት ስነሳ ካዝናው ባዶ ነው

"ሀክ ተደረግኩ" የሚል አይጠፋም። የለም፣ ሺልዱ (ለተወሰነ ሰዓት ሰፈራችሁን ከዘራፊ የሚከልለው ጋሻ) አልቆ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ የ8 ሰዓት ሺልድ ብትከፍቱ ሌሊት 11 ያልቃል። የምትነሱት 1 ሰዓት ነው። ለዘራፊ ሁለት ሰዓት ምን አነሰው? ሌላም አለ፦ እንዲህ ባሉት አብዛኞቹ ጌሞች፣ ሺልድ እያላችሁ ሰው ከመታችሁ ሺልዱ ወዲያው ይወርዳል።

ከመተኛታችሁ በፊት ብሩን ህንጻ ማሳደጊያ ላይ ጨርሱት። ቦርሳ ውስጥ ያለውን ጥቅል አትክፈቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልተከፈተ አይዘረፍም። ለለቀማ የወጡትን ጎረምሶቻችሁን ጥሯቸው፤ ሺልድ የሚጠብቀው ቤት ያለውን ነው።

እኔን ያስተማረኝ መብራት ነው። ሺልድ ላድስ ስል ስልኬ 2 ፐርሰንት፣ ሰፈሩ ድቅድቅ። ጠዋት ቻርጅ አድርጌ ስከፍተው መልእክት ተቀምጦልኛል፦ "እናመሰግናለን ወንድም፣ ነገም እንመጣለን።" መጡም።

ኢቨንቱ ሳልደርስ አለቀ

ብዙዎቹ ሰርቨሮች በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚቆጥሩት። ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። አቋራጭ ልስጣችሁ፦ ሰርቨሩ ላይ ካለው ሰዓት 3 ቀንሱ። 12 ሲል በእኛ ከሰዓት 9 ነው። 18 ሲል 15 ይመጣል፣ 12 ስታወጡለት ማታ 3።

ውጊያ መሃል "በመገናኘት ላይ" ይላል

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ይሞታል፣ ስልኩ ወደ ዳታ ሲዞር መስመሩ ይቆረጣል። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በዳታ ጀምሩ። እኛ ቤት መስኮቱ ጋ ካልሆነ 4ጂ የለም። የላካችሁት ጦር ግን ኔት ባይኖርም ይደርሳል፤ መንገዱን የሚቆጥረው ሰርቨሩ ነው። ጠርታችሁ መመለስ ነው የማትችሉት።

ከአፕዴት በኋላ አልከፍት አለ

መጀመሪያ ስልኩ ሞልቶ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ሴቲንግ ገብታችሁ ካሽ፣ ማለትም ጊዜያዊ ፋይሉን አጥፉ (ብሩን አይደለም!)። ዳታ የሚለውን አትንኩ። በእንግዳ አካውንት የምትጫወቱ ከሆነ ከእሱ ጋር ሁሉም ነገር ይሄዳል። ዛሬውኑ ከጉግል አካውንታችሁ ጋር አያይዙት። ጎረቤቴ "ነገ" ሲል ከርሞ ስልኩን ፎርማት አስደረገ። ይኸው አሁን ከደረጃ 1 ጀምሮ እኔን ብር አበድረኝ ይላል።