ልቡ የታመመ ሕፃን እንዴት ይመገባል?

ከልብ ችግር ጋር የተወለደ ልጅ ያላት እናት «አታጠቢውም እንዴ? ምነው ከሳ?» መባሏ አይቀርም። ሐዋሳም ያው ነው፤ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ዘመድ ይጠይቃል። ልጁ ግን ጡት ጠልቶ አይደለም፣ ደክሞት ነው። ልቡ ከአቅሙ በላይ ይሠራል፣ ትንፋሹም ይፈጥናል። ለእሱ መጥባት ዳገት እንደ መውጣት ነው። ጤነኛ ጨቅላ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ካሎሪ ይበቃዋል። ልቡ የደከመ ግን ከ120 እስከ 150 ሊፈልግ ይችላል። ብዙ ይፈልጋል፣ ትንሽ ይጠባል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሰዓት ይያዙ። አንድ ጊዜ ማጥባት ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ከዚያ በላይ ከሄደ ከሚያገኘው የሚያወጣው ጉልበት ይበልጣል። ያሳርፉትና ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ያጥቡት፤ ሌሊትም ጭምር። ሲያጠቡ አያጋድሙት፣ ቀና አድርገው ይያዙት። ግንባሩን ካላበው ወይም አፍንጫው ከተርገበገበ ትንሽ ፋታ ይስጡት።

ጡቱን ቶሎ ቶሎ አይቀያይሩ። ቅባት የሚበዛበት ወተት የሚመጣው ቆይቶ ነው። ሳይጠግብ ከደከመው የቀረውን አልበው በንጹሕ ስኒ ይስጡት። የቆርቆሮ ወተት ከሆነ ሐኪም ሳያዝ ዱቄቱን አያብዙ፤ ሆድና ኩላሊት ይጎዳል። ሐኪሙ በአፍንጫ ቱቦ እንመግበው ካለም አይደንግጡ። ልጁ ጉልበቱን ለማደግ ያውለዋል።

አሁን ወደ አያቶች እንምጣ፣ ይቅር ይበሉኝ። የአብሽ ውሃ ትንሿን ሆድ ይሞላና የወተቱን ቦታ ይወስዳል። ጨቅላን ቅቤ ማዋጥም ይቅር፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሲተነፍስ የሚቸገረውን ልጅ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ይደማል፣ ያመረቅዛል፤ ልቡም እንደታመመ ይቀራል።

6 ወር ሲሞላው ምግብ ይጀመራል። ቀጭን ሾርባ ሆድ ይነፋል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ገንፎውን ወፈር አድርገው ዘይት ወይም ለጋ ቅቤ ጠብ ያድርጉበት። የሲዳማ አቮካዶ ለዚህ ልጅ የተፈጠረ ነው የሚመስለው፤ ለስላሳ ነው፣ ቅባቱም ብዙ። በደንብ የበሰለ እንቁላል ይጨምሩ። ከአሞራ ገደል፣ ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ፣ የተገዛ ዓሣም ጥሩ ነው፤ አብስለው እሾሁን በጣት እየዳሰሱ ይልቀሙ። ጨው አይግባበት። ቤቱ ሲጾም የእሱ እንቁላል እንዳይረሳ፤ ሕፃን አይጾምም።

በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ሚዛን ያስመዝኑትና ይጻፉት። እስከ 3 ወር ድረስ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመር ጥሩ ነው። በአንድ ሁለት ቀን ዘሎ ከጨመረና ዓይኑ ወይም እግሩ ካበጠ ግን አይደሰቱ፤ ውሃ ነው፣ ሐኪም ይየው። የሚያሸና መድኃኒት ታዞለት ከሆነ «አከሳው» ብለው አያቋርጡ።

ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከወትሮው ይበልጥ ከጠቆረ፣ መጥባት ካቃተው፣ ትንፋሹ ከባሰበት፣ ካተኮሰው ወይም ሽንቱ ካነሰ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል።

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል ተልከው ወረፋ የሚጠብቁ ከሆነ ክብደቱን የጻፉበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ። ሐኪሞቹ ስለ ቀዶ ጥገናው ሲወስኑ ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።