የኢዴል ዙሪያ ጉዞ ሰዓት አልገጥም ሲለኝ

እንግሊዝ፣ ፒክ ዲስትሪክት ውስጥ የኢዴልን ሸለቆ የከበቡትን ኮረብታዎች በአንድ ቀን ዞሬ ልመለስ ብዬ ዕቅዴ ሁለት ጊዜ ከሸፈ። የስልኬ መተግበሪያ 32 ኪሎ ሜትሩን በ7 ሰዓት ትጨርሳለህ ይለኛል፤ እኔን ግን ሁለቴም ከኮረብታዎቹ ከፍተኛው በሆነው በኪንደር ስካውት ላይ መሸብኝ።

በመጀመሪያ ማልጄ ተነሳሁ፤ ለውጥ የለም። ቦርሳዬን አቀለልኩ፤ ያው ነው። አዲስ ጫማም ገዛሁ፣ ትርፉ እግሬ ውሃ መቋጠሩ ብቻ።

የሠራልኝ ይኸ ነው። የኦርድናንስ ሰርቬይን (የብሪታንያ የካርታ ሥራ ድርጅት) ኤክስፕሎረር ኦኤል 1 ካርታ ዘርግቼ ዳገቱን በኮንቱር መስመሮቹ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙት መስመሮች፣ ቆጠርኩ፤ ወደ 1,200 ሜትር መጣ። ከዚያ የተራራ ጉዞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚገምተውን የ1892ቱን የኔይስሚዝ ስሌት ያዝኩ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት። ዕረፍትና ጭቃ ሳይታሰብ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ! መተግበሪያው ለካ ዳገቱን ከቁጥር አላስገባውም።

ቀጥሎ አቅጣጫውን ገለበጥኩት። ረግረጋማውን ኪንደርን በጠዋት ጉልበት፣ ከዚያ ዊን ሂል፣ ሉዝ ሂል፣ በመጨረሻ ማም ቶር። እንዲህ ሲሆን ቢደክመኝ ጉዞውን አቋርጬ የምወጣበት ቦታ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ላይ ይውላል፦ ሆፕ መንደር ላይ ባቡር አለ፣ በሉዝ ሂልና በማም ቶር መካከል ካለው ከሆሊንስ ክሮስም ወደ ኢዴል ቁልቁል መውረድ ይቻላል። በሦስተኛው ሙከራ ጀንበር ሳትጠልቅ ኢዴል ጣቢያ ገባሁ።