ጎረቤት ሲጣላ ሽምግልናን እንዴት እንያዝ?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከላይ ያለው ሰው ቧንቧ ከፍቶ ይረሳል፣ ሌሊት ውሃው ይለቀቃል፣ ጠዋት የታችኛው ቤት ኮርኒስና ፍራሽ ርሷል። ከዚያ ስድብ፣ ከዚያ ኩርፊያ።

መጀመሪያ ሁለቱም የሚቀበሏቸውን ሽማግሌዎች ፈልጉ። የእድር ዳኛ ጥሩ ነው፣ ሴትም ትኑርበት። የአንዱ ዘመድ ግን አይሆንም። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ለየብቻ ያናግሩ፣ ንዴቱ በረድ ሲል ያገናኙ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የተጎዳው ሰው ቀድሞ፣ ሳይቋረጥ ይናገር። ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ይቸኩልና «በቃ ለእግዚአብሔር ብለህ ተወው» ይላል፤ ሰውዬው አፉ ይቅር ይላል እንጂ ሆዱ እንደቆሰለ ይቀራል፣ እኔ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ይልቅ ምን እንደደረሰበት፣ ምን ቢደረግለት እንደሚሻለው ጠይቁት። ያጠፋውም በራሱ አንደበት ጥፋቱን ይናገር። ካሳው ቁርጥ ያለ ይሁን፦ ኮርኒሱን ማን ያሠራል፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ?

የተስማሙበትን ጻፉና ሁለቱም ይፈርሙ። ዕርቅ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 የተደነገገ የራሱ ሥርዓት አለው። ከወር በኋላ ሽማግሌዎቹ ሄደው ይዩ።

ድብደባ ወይም አስገድዶ መድፈር ከሆነ ግን ሽማግሌ አትሰብስቡ። የተጎዳችውን ይዛችሁ ሐኪም ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።