ድሬ ላይ ዘመድ ስትሰበስቡ

ድሬዳዋ ላይ ቤተሰብ ለማገናኘት ካሰባችሁ ከቁልቢ ገብርኤል ጋር አገጣጥሙት። ታኅሣሥ 19 ለንግሥ የሚመጣው የሩቅ ዘመድ ሳይጠራ ይገኛል። ሙቀቱም ያኔ ቀለል ይላል። አልጋ ግን ቀደም ብላችሁ ያዙ።

አደራ፣ አያቶችን ጥግ አስቀምጣችሁ ልጆቹን ለስልክ አትተዉ። ጠዋት ፀሐይ ሳይከር አንድ አያትና ሁለት ሦስት ልጆች በባጃጅ ወደ ከዚራ ሰፈር ይውጡ። አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አያት ያውሩ፣ ልጆቹ በስልካቸው ይቅረጹ። ከተማዋ እኮ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ነው፤ የባቡር ትዝታ የሌለው የድሬ ሽማግሌ አይገኝም። የኔዋ አያት እቤት ዝም ይሉ ነበር፣ እዚያ ሲደርሱ ግን ወሬያቸው አላልቅ አለ።

ከሰዓት የድሮ ፎቶዎችን ዘርጉ። ልጆቹ የእያንዳንዱን ሰው ስም እየጠየቁ ከጀርባው በእርሳስ ይጻፉ። በእስክሪብቶ አይሁን፣ ወደ ፊቱ ያልፋል።