የሃርድዌር ዋሌትን ከብሮውዘር ጋር በጥንቃቄ ስለማገናኘት

የሃርድዌር ዋሌት ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የተሠራበት ዋና ዓላማም የክሪፕቶከረንሲ ሀብትን የሚያንቀሳቅሰው የግል ቁልፍ (ምስጢራዊ ኮድ) ከመሣሪያው ፈጽሞ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። በብሮውዘሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ግብይቱን አዘጋጅቶ ወደ መሣሪያው ይልካል፤ መሣሪያው ዝርዝሩን በራሱ ስክሪን ላይ ያሳያል፤ ባለቤቱ ሲያጸድቅ ብቻ ይፈርምና ፊርማውን መልሶ ይሰጣል። ብሮውዘሩ በዚህ ሂደት የመልእክተኛነት ድርሻ ብቻ ስላለው፣ መልእክቱን አጣምሞ ሊያደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የሚነገሩት ጥንቃቄዎች በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የሚመነጩ ናቸው።

ከማገናኘትዎ በፊት የመሣሪያው ፈርምዌር (የውስጥ ሶፍትዌሩ) እና ብሮውዘሩ የታደሱ መሆናቸውን ያረጋግጡ። የአምራቹን ድረ ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ከሚታየው ማስታወቂያ አይክፈቱ፤ አጭበርባሪዎች ለተመሳሳይ ስሞች ማስታወቂያ እየገዙ ሰዎችን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ይወስዳሉና። አድራሻውን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ በእጅዎ ጽፈው ካስቀመጡት በኋላ ሁልጊዜ ከዚያው ይክፈቱ። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል፣ ከአስፈላጊው በቀር ምንም ኤክስቴንሽን (በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ያልተጫነበት የተለየ የብሮውዘር ፕሮፋይል ማዘጋጀትንም አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ኤክስቴንሽን የሚከፍቷቸውን ገጾች እንዲያነብና እንዲለውጥ ከተፈቀደለት፣ የተቀባዩን አድራሻ በዓይንዎ ፊት መቀየር አይከብደውም።

መሣሪያውና ብሮውዘሩ የሚነጋገሩባቸው መንገዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ዌብ ዩኤስቢ ወይም ዌብ ኤችአይዲ በሚባሉት የብሮውዘሩ የራሱ ችሎታዎች በኩል የሚደረግ ነው። ክሮምና እንደ ኤጅ ያሉት የእርሱ ዘመዶች ዌብ ዩኤስቢን ይደግፋሉ፤ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ግን አይደግፉትም። በዚህ መንገድ ድረ ገጹ በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረ ግንኙነት፣ የተከፈተ መሆን አለበት፤ መሣሪያውንም በራሱ ፈቃድ ሊይዝ አይችልም። እርስዎ አንድ አዝራር ሲጫኑ ብሮውዘሩ የመሣሪያዎች ዝርዝር የያዘ መስኮት ይከፍታል፤ ከዝርዝሩ የሚመርጡትም እርስዎ ነዎት። የሰጡት ፈቃድ ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ ይሠራል፤ ከብሮውዘሩ የሳይት ሴቲንግስ ገብተውም ሊሰርዙት ይችላሉ። መስኮቱ እርስዎ ምንም ሳይጠይቁ ከተከፈተ ወይም በላዩ ላይ የተጻፈው የድረ ገጽ ስም የማያውቁት ከሆነ ይዝጉት።

ሁለተኛው መንገድ በኮምፒውተሩ ላይ ከበስተጀርባ የሚሠራ አገናኝ ፕሮግራም ነው። ትሬዘር የተባለው የሃርድዌር ዋሌት አምራች ያዘጋጀው ትሬዘር ብሪጅ ለምሳሌ በራስዎ ኮምፒውተር ውስጥ በ127.0.0.1 አድራሻ፣ በፖርት 21325 ላይ ሆኖ ከብሮውዘሩ የሚመጣውን ጥያቄ ይጠብቃል። የከፈቱት ማንኛውም ድረ ገጽ ወደዚያ አድራሻ ጥያቄ ለመላክ ሊሞክር ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጠያቂው ማን እንደሆነ ለይቶ ያልተፈቀደለትን መመለስ ይኖርበታል። የዚህ ማጣሪያ ጥራት የሚወሰነው በፕሮግራሙ ጥራት ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን ከአምራቹ ብቻ አውርዱ፣ ከተቻለም የፋይሉን ዲጂታል ፊርማ ያረጋግጡ። እንደ ሜታማስክ ያሉ ኤክስቴንሽኖችም የሃርድዌር ዋሌትን ያገናኛሉ፤ ቁልፉ ግን ያኔም ከመሣሪያው አይወጣም።

መሣሪያው እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኬብሉ ኃይል እንጂ መረጃ የማያስተላልፍ ይሆናል፣ መሣሪያው ተቆልፎ ይሆናል፣ ወይም ሌላ ፕሮግራም መሣሪያውን ይዞታል። በሊኑክስ ላይ ደግሞ የዩዴቭ ደንብ፣ ማለትም መሣሪያውን ለመጠቀም ፈቃድ የሚሰጥ የሲስተም ቅንብር፣ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ችግሩ ምንም ይሁን ምን፣ መፍትሔ ነው ብሎ 12 ወይም 24 የመልሶ ማግኛ ቃላትዎን (ቁልፉን እንደገና ማውጣት የሚያስችሉትን) በኮምፒውተሩ ኪቦርድ እንዲጽፉ የሚጠይቅ ገጽ ወይም «የድጋፍ ሠራተኛ» ሌባ ነው። ለማገናኘት እነዚህ ቃላት በፍጹም አያስፈልጉም።

ግንኙነቱ ሲሳካ ድረ ገጹ መጀመሪያ የሚጠይቀው የአደባባይ ቁልፍን፣ ማለትም አድራሻዎ የሚወጣበትንና ምስጢር ያልሆነውን ቁልፍ፣ ነው። ይህ ገንዘብ አያወጣም፤ ነገር ግን ኤክስፐብ የሚባለውን የተራዘመ ቁልፍ ካገኘ በዚያ ሒሳብ ሥር ያሉትን አድራሻዎች፣ የወደፊቶቹን ጨምሮ፣ ማየት ይችላል። ስለዚህ ለማያምኑት ገጽ አይስጡ።

እውነተኛው አደጋ ያለው ፊርማው ላይ ነው፤ እዚህ ጋ መቸኮል አይገባም። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የሃርድዌር ዋሌት አምራቹ የሌጀር «ኮኔክት ኪት» የሚባለው፣ ብዙ ድረ ገጾች ዋሌት ለማገናኘት የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ ተበክሎ ነበር። አጥቂዎቹ አንድ የቀድሞ ሠራተኛን አታለው ኮዱ የሚሠራጭበትን መለያ ከያዙ በኋላ፣ ታማኝ የነበሩ ድረ ገጾች ሳይቀሩ ገንዘብ የሚያሸሽ ግብይት ለተጠቃሚዎች ማቅረብ ጀመሩ። የመሣሪያዎቹ ቁልፍ አልተሰበረም፤ ሰዎቹ ግን የቀረበላቸውን ግብይት አጸደቁ። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ባይቢት ከሚባለው የክሪፕቶከረንሲ መገበያያ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የተወሰደውም ፈራሚዎቹ የሚያዩት ድረ ገጽ ትክክለኛ ግብይት እያሳየ፣ ለፊርማ የቀረበው ግን ሌላ ሆኖ ነው።

ስለዚህ ከማጽደቅዎ በፊት የተቀባዩን አድራሻ፣ መጠኑንና ኔትወርኩን ከመሣሪያው ስክሪን ላይ ያንብቡ። አድራሻውን የመጀመሪያና የመጨረሻ ጥቂት ፊደላት ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ያስተያዩ፤ ዳርና ዳሩ የሚመሳሰል አድራሻ ሆን ብለው የሚያመርቱ አጥቂዎች አሉና። የሚያስተያዩበትም በብሮውዘሩ ከሚታየው ሳይሆን ከተቀባዩ በሌላ መንገድ ካገኙት ጋር ይሁን። መሣሪያው ሊተረጉመው ያልቻለውን ኮድ ሳያነቡ እንዲፈርሙ ከጠየቀ፣ ማለትም ዕውር ፊርማ ከሆነ፣ የግብይቱን ይዘት በሌላ መንገድ ማረጋገጥ እስካልቻሉ ድረስ ውድቅ ያድርጉት። ለቶከን የሚሰጥ ፈቃድም፣ ማለትም ሌላ ወገን የእርስዎን የዲጂታል ገንዘብ እንዲያንቀሳቅስ የሚፈቅዱበት፣ ያልተወሰነ መጠን እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ለዚያ ግብይት የሚበቃውን ብቻ ይጻፉ። መጠኑ ትልቅ ሲሆን በትንሽ ገንዘብ አስቀድሞ መሞከር የሚያስከፍለው ተጨማሪ የኔትወርክ ክፍያ ቢሆንም፣ ክፍያው የሚያስቆጭ አይደለም።

ሲጨርሱ መሣሪያውን ይንቀሉ። በድረ ገጹ ላይ «ዲስኮኔክት» የሚለውን መጫን ግን ቀደም ሲል ለቶከን የሰጡትን ፈቃድ አይሰርዝም፤ ፈቃዱ የተመዘገበው ግብይቶች በሚሰፍሩበት የጋራ መዝገብ፣ በብሎክቼይኑ ላይ ስለሆነ፣ ለመሰረዝ ሌላ ግብይት መላክና እርሱንም በመሣሪያው ስክሪን ላይ አንብቦ መፈረም ያስፈልጋል።