በሚኒሞ የሚጠፋ ሞተር፦ ብሎኑን ከመንካትህ በፊት

ጎንደር ውስጥ ሞተር የምትነዳ ከሆነ ይሄ ደርሶብህ ይሆናል። ከአዘዞ ስትመጣ ሞተሩ ሰላም ነው። ፒያሳ ደርሰህ ሰው ለማሳለፍ የነዳጅ እጀታውን ስትለቅ ግን ሁለቴ ያስላል፣ ከዚያ ጭጭ። ከኋላህ ያለው ባጃጅ ክላክሱን ያንባርቅብሃል። ትረግጠዋለህ፣ ይነሳል፤ ነዳጅ እየሰጠህ ካልያዝከው ግን ተመልሶ ይጠፋል።

ያኔ ሁሉም ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። ካቻቢቴ አንስቶ የሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበትን ፍጥነት የሚወስነውን ብሎን ማጥበቅ። ሞተሩ መጥፋቱን ሊያቆም ይችላል፣ አልክድም። ግን በሽታውን በጩኸት ሸፈንከው እንጂ አላዳንከውም፤ ነዳጅህም በከንቱ ይነዳል። ስለዚህ ብሎኑን ለመጨረሻ ተወው።

የምነግርህ ካርቡራተር፣ ማለትም አየርና ነዳጅ የሚቀላቅል ዕቃ፣ ላለው ሞተር ነው። ነዳጁን በኮምፒውተር የሚረጭ አዲስ ሞተር ከሆነ ዲፕራተሩን (የአየር ማጣሪያውን) እና ካንዴላውን (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠውን) እይና ቀሪውን መመርመሪያ ላለው ባለሙያ ስጠው።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ንጹህ ጨርቅና አንድ ብርጭቆ አዘጋጅ። ሥራው ደጅ ይሁን። ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብ ካርቡራተር ሲፈታ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንተ እንዳትደግመው።

መቼ ነው የሚጠፋው?

መሣሪያ ሳትነካ ይሄን መልስ። የጎንደር ጠዋት ብርድ ነው፤ ሞተሩ ቾክ (አየር ቀንሶ ነዳጁን የሚያበዛው መሳቢያ) ተስቦለት አንድ ሁለት ደቂቃ ቢያጉረመርም በሽታ አይደለም። ከሞቀ በኋላ ቾኩን መመለስ ረስተህ ከሆነ ግን መልሰው፣ ጨረስክ። እየሳቅኩብህ አይደለም፣ እኔም ረስቼ አውቃለሁ።

ሞተሩ እየሠራ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙረው። ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለ ወይም ከጠፋ የነዳጁ ገመድ ተወጥሯል፣ ካልሆነም መሪው ሥር ያለ የመብራት ሽቦ ተልጧል። ማርሽ ስታስገባ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ካርቡራተሩን አትውቀሰው፤ ፍሪሲዮኑ (ማርሽ ስትቀይር የምትይዘው) በደንብ አልለቀቀም ወይም የጎን መቆሚያው ማጥፊያ ተበላሽቷል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚጠፋና ትንሽ ቆሞ የሚነሳ ከሆነ፣ እንደጠፋ የነዳጅ ክዳኑን ክፈት። ፍሽሽ ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። በጭቃና በአቧራ በቀላሉ ይደፈናል፣ አጽዳው።

አሁን የምወዳት ሙከራ። ሞተሩ ሞቆ፣ በሚኒሞ እየተንገዳገደ እያለ ቾኩን በጥቂቱ ሳብ። ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል፤ ወይ ቀዳዳ ተደፍኗል ወይ የሆነ ቦታ አየር ይስባል። ከባሰበት ደግሞ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ወይም አየር ታፍኗል። ይህች የአሥር ሰከንድ ሙከራ ግማሽ ቀን ትቆጥብልሃለች።

ነዳጁ፣ ዲፕራተሩ፣ ካንዴላው

ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ሁላችንም በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ገዝተናል። እዚያ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ የሚያውቀው ሻጩና ፈጣሪ ነው። የነዳጅ ቧንቧውን ዝጋ፣ ካርቡራተሩ ታች ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈታ አድርግና የወጣውን በብርጭቆ ተቀበል። ብርጭቆውን ብርሃን ላይ ያዘው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ወርዶ እንደ ብርሌ ዶቃ ተንከባሎ ታየዋለህ። ቀይ ዝቃጭ ካየህ ደግሞ የነዳጅ ጋኑ ከውስጥ ዝጓል። በሁለቱም ሁኔታ ጋኑን አራግፈህ ንጹህ ነዳጅ ሳትሞላ ወደፊት መሄድ ልፋት ነው።

ዲፕራተሩን አውጣው። ወደ ቆላ ድባ በኩል ባለ አቧራማ መንገድ የሚመላለስ ሰው ዲፕራተር በሳምንታት ውስጥ ይታፈናል። የወረቀት ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ አየር አስነፋው፣ አትጠበው። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። ዲፕራተር አውልቆ መንዳት የሚባል ምክር ከሰማህ ጆሮህን ድፈን፤ አቧራው ፒስተኑን ይበላዋል።

ካንዴላው ራሱ ይናገራል። ጫፉ የተቆላ ቡና ዓይነት ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል። የጫፉ ክፍተት በብዙዎቹ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ያረጀ ካንዴላ ከማጽዳት አዲስ መግዛት ይሻላል።

የኔ ጉድ

አንድ ክረምት ሞተሬ ልክ እንዲህ ሆነብኝ። የወሰድኩበት ጋራዥ «ካርቡራተሩ አልቋል፣ ቀይረው» አለኝ። ቀየርኩ። ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ነኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የሳሙና አረፋ በጨርቅ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ሞተሩን አስነሳና ዝም ብለህ እይ» አሉኝ። ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር በምታገናኘው ጎማ ዙሪያ ጨመቁት። አረፋው ሥራ ላይ ባለ ሞተር ውስጥ ስልብ ብሎ ገባ፣ ድምፁም ተለወጠ። ጎማዋ ከሥር ተሰንጥቃለች! በአዲሱ ካርቡራተር ላይ ያወጣሁት ብር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ምልክቱን ላስተምርህ፦ እጀታውን ስትለቅ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ ትንሽ ይጮሃል፣ ከዚያ ይጠፋል። እንዲህ ካደረገ ጎማዋን፣ ጓርኒሲዮኑን (በመጋጠሚያው መካከል ያለውን ማሸጊያ) እና የሚይዛቸውን ብሎኖች በአረፋ ፈትሽ።

ካርቡራተሩን መክፈት

እስካሁን ካልተገኘ ክፈተው። ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። ታችኛው ሳህን ሲወርድ ሁለት የነሐስ ጄቶች፣ ማለትም ነዳጅ የሚያልፍባቸው ቀዳዳ ያላቸው ብሎኖች፣ ታያለህ። ትልቁ ስትሮጥ ነው የሚሠራው። ሚኒሞን የሚመግበው ትንሹ ነው፤ ቀዳዳው ፀጉር የሚያህል ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል። ፈትተህ ወደ ፀሐይ አንጋጠህ እየው፤ ክብ ብርሃን ካልታየህ ተደፍኗል። በመርፌ አትውጋው፣ ቀዳዳው ይሰፋል። በካርቡራተር ማጽጃ ወይም በቤንዚን ዘፍዝፈህ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘች አንድ የመዳብ ክር አሳልፈህ፣ ጎሚስታ ጋ ሄደህ በኮምፕረሰር አስነፋው። አየሩ የካርቡራተሩንም ቀጫጭን መንገዶች ይጥረግልህ።

አሁን ብሎኑ

ሁለት ብሎን አለ። አንዱ ሚኒሞውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላው የአየርና የነዳጁን መጠን ይለካል። ሁለተኛውን በቀስታ እስከ ጥግ አጥብቀው፣ ስንት ዙር እንደሆነም ቁጠርና ጻፈው። ሲነካ አቁም፣ ካስጨነቅከው ጫፉ ይሰበራል። ከዚያ 1 ዙር ከግማሽ ፍታና ሞተሩን አሙቀህ በሩብ ዙር ሩብ ዙር ሞክር። ድምፁ ከፍ ብሎ የሚረጋበት ቦታ አለ፣ እዚያ ተወው። ከዚያ በመጀመሪያው ብሎን ሚኒሞውን ዝቅ አድርግ፤ በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር ነው። ሁለተኛው ብሎን በዲፕራተሩ በኩል ካለ የሚለካው አየር ነው፣ ሲፈታ ነዳጁ ይቀንሳል። በሞተሩ በኩል ካለ ነዳጅ ነው የሚለካው፣ ሲፈታ ይጨምራል። ይሄን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያዞር ይውላል።

ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። መተማ ቆላ ላይ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ወደ ደባርቅ ከወጣህማ ይብሳል። እዚህ የተስተካከለው ደግሞ ቆላ ሲወርድ ያንሰዋል። ከቆላ የመጣ ሞተር ከገዛህ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ይሄን ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሲቀዘቅዝ ደህና፣ ሲግል ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቮቹ (አየርና ነዳጅ የሚያስገቡት፣ ጭስ የሚያስወጡት በሮች) ክፍተት ጠቦ ሊሆን ይችላል። የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው፣ ቁጥሩም ከሞተር ሞተር ይለያያል። ካልለመድክ እጅህን አታስገባ፣ ለመካኒክ ስጠው።

ለመፈተን ሞተሩን ወደ ጎሃ ዳገት አውጣው፣ በደንብ ይጋል። ከዚያ እጀታውን ለቀህ በማርሽ ውረድ። ታች ደርሰህ ፍሪሲዮኑን ያዝ፣ የፊት መብራቱን አብራ፣ ፍሬን ርገጥ። ሳይጠፋ ከጠበቀህ ካቻቢቴውን ወደ ቤት መልሰው።