ቡችላ ከመውሰድዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ላይ ውሻ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው «ፈረንጅ ይሁን ወይስ ሐበሻ?» የሚለውን ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ውሻው ከማን እጅ ይመጣል የሚለው ነው።

መንገድ ዳር መግዛት። ካርቶን ውስጥ የተኮራመተ ቡችላ አንጀት ይበላል። ሻጩም «ንጹህ ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ ሁለት ወሩ» ይላል። አፉን ከፍተው ይዩ፤ ጥርሱ በቅጡ ካልወጣ ሁለት ወር አልሞላውም። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። ንክሻ እንደሚያምም የሚማረው ከወንድም እህቶቹ ጋር ሲታገል ነው። ያለጊዜው የተነጠለው ትምህርቱን የሚጨርሰው በልጆችዎ እጅ ላይ ነው።

እናቲቱን ሳያዩ መግዛት። ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ደህና አርቢ ቤቱ ያስገባዎታል፣ እናቲቱንም ያሳያል። እሷ ድንጉጥ ወይም ተናካሽ ከሆነች ልጆቿም ወደዚያው ሊያደሉ ይችላሉ። ጀርመን ሼፐርድ ላይ ደግሞ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ይወርዳል። ስለዚህ ወላጆቹ የዳሌ ራጅ ተነስተው እንደሆነ ይጠይቁ። «ራጅ? ለውሻ?» ብሎ ከሳቀብዎ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ደህና አርቢ እርስዎንም ይጠይቃል፦ ግቢ አለዎት? ቀን ቀን ማን ቤት ይውላል? ካልተስማማችሁም ውሻውን መልሶ ይቀበላል። «ብሩን በቴሌብር ይላኩ፣ በሞተር አደርሰዋለሁ» የሚለው ሰው ግን ነጋዴ ነው።

«ክትባቱን ጨርሷል» ሲባል ማመን። የሁለት ወር ቡችላ ክትባት አይጨርስም። የፓርቮ (ቡችላን በተቅማጥና በትውከት የሚገድል የቫይረስ በሽታ) ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይዘልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በ3 ወሩ ነው። በዚህኛው ቀልድ የለም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውንም አያስተርፍም። ካርዱን በዓይንዎ ይዩ።

የሐበሻ ውሻን መናቅ። የሚፈልጉት ሌሊት በር ላይ የሚጮኽ ከሆነ ለምን ብዙ ብር ያወጣሉ? የሐበሻው በበላበት ይጮኻል፣ ቀለቡም ቀላል ነው። ያደገ ውሻ ከመጠለያ ወይም ከሰፈር ሲወስዱ ቁመቱንም ጠባዩንም አይተው ነው። ቡችላ ላይ ይህን ማወቅ አይቻልም።

በአዘኔታ ብቻ መውሰድ። ማደጎም የራሱ ጣጣ አለው። መዥገሩ፣ ቁንጫው፣ የሆድ ትሉ ይታከም። ቤት ሌላ ውሻ ካለ ሐኪም እስኪያየው ለየብቻ ያቆዩአቸው። እንዳይራባ ማስመከኑንም አይርሱ። አዲስ ቤት ሲገባ ለቀናት ሊደበቅና ምግብ ሊተው ይችላል፤ ታዲያ «አልለመደም» ብለው በሳምንቱ አይመልሱት። ሰንሰለት ላይ ቀኑን ሙሉ ማዋልም አያለምደውም፣ ያስመርረዋል እንጂ። አንድ ጸጥ ያለ ጥግ፣ ውሃና በሰዓቱ የሚመጣ ምግብ ይስጡት፤ ሲደፍር ራሱ ይመጣል።